ናፍጣ አጥሪው ጋሽ ቢራራ

በዚህ አገር የመኪና ኮፈን ሲከፈት ከመሬት የሚበቅል ሰው አለ። ቦታው ገደል አፋፍ ይሁን፣ ወፍ የማይዞርበት ሜዳ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቀና ስትሉ አጠገባችሁ ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ትንሽ ዝም ብሎ ያይና ራሱን ነቅንቆ «ይኼ ነገር ባትሪ ነው» ይላል። ባትሪ አይደለም። ሁልጊዜም ባትሪ አይደለም። ሰውየው ግን እናንተ እስክትነሱ ድረስ አይነቃነቅም፤ ስትነሱም እሱ የጠገነላችሁ ይመስል እጁን እያውለበለበ ይሸኛችኋል።

ደባርቅ በእንዲህ ዓይነት ሰው አትታማም። መናኸሪያው ብቻ አንድ ጉባኤ ይወጣዋል። ከጉባኤው ሁሉ በላይ፣ በማዕረግም በድምፅም ከፍ ብለው የተቀመጡት ግን አንድ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ ቢራራ። ሌሎቹ መኪና ከቆመ በኋላ ይመጣሉ። ጋሽ ቢራራ የሚመጡት ገና ሳይነሳ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። በጋና ክረምት የማይለያቸው አንድ ካፖርት አላቸው። በቀኝ ኪሱ ክዳን ያለው የማርማላታ ብርጭቆ፣ በግራ ኪሱ የተጠቀለለ የላስቲክ ቱቦ ይኖራል። ሌላ ሰው «እንደምን አደርሽ?» በሚልበት ቦታ እሳቸው «ከየት ቀዳሽ?» ይላሉ። ናፍጣውን ማለታቸው ነው። ከየትም ቅዱ፣ መልሳቸው «ኧኸ!» ነው። በዚያች «ኧኸ» ውስጥ ያለው ሐዘን ለቅርብ ዘመድ ለቅሶ እንኳ ይበዛል።

ቀጥሎ ቱቦው ይወጣል። ነዳጁ ከሚጠራቀምበት ሰልባትዮ ትንሽ ወደ ብርጭቆው ይቀዳል፤ ብርጭቆው ወደ ፀሐይ ከፍ ይላል፤ አንድ ዓይን ይጨፈናል።

«ውሃ ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል። ናፍጣ ከላይ ይንሳፈፋል። እስኪለይ መጠበቅ ነው» ይላሉ።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። ተሳፋሪው ይጠብቃል፣ ጣራ ላይ የታሰረው በግ ይጠብቃል፣ ረዳቱ «ዳባት! ዳባት! የቀረ አንድ ሰው!» ማለቱን ትቶ ይጠብቃል። ብርጭቆው ውስጥ ምንም ካልታየ «ዛሬ ተርፋችኋል» ብለው ያሰናብቷችኋል፤ አነጋገራቸው ግን ቅር ያላቸው ያስመስላቸዋል። አንዲት ጠብታ ከታች ብልጭ ያለች እንደሆነ ቀኑ የሳቸው ነው። መናኸሪያው በሙሉ ተጠርቶ ያያታል።

ይህን ጠባይ ያመጣባቸው ጣና ነው። በወጣትነታቸው ከደባርቅ ወጥተው ጎርጎራ ወርደው ነበር። እዚያም ተሳላሚዎችን ወደ ደሴት ገዳማት በሚያመላልስ አንድ አሮጌ የብረት ጀልባ ላይ ሞተረኛ ሆነው ኖሩ። አሮጌ ጀልባ፣ ይላሉ፣ ሰልባትዮው ሁልጊዜ ግማሽ ነው። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮ ደግሞ ብርድ ሲመታው በውስጡ ያልበዋል፤ ላቡ ወርዶ ከናፍጣው በታች ይተኛል። ውሃ ባለበት ዝገቱም ይመጣል፣ ዝልግልግ ያለ ጥቁር ነገርም ይበቅላል። እሳቸው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «አተላ» ይሉታል። ሐይቁ ጸጥ ባለ ቀን አተላው መኖሩን ማንም አያውቅም። ማዕበል ሲነሳ ግን አተላውም አብሮ ይነሳና ናፍጣው የሚጣራበትን ፊልትሮ ይደፍናል። ሞተሩ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ድምፁን ያጠፋል።

አንድ ጊዜ በሐይቁ መካከል ይኸው ደርሶባቸዋል። ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማው ጀልባው ላይ የነበሩት ጥቂት ተሳላሚዎች ነበሩ። ባለፈው ፋሲካ ሲነግሩን አንድ ሙሉ ማኅበር ከነድግሱ ተሳፍሮ ነበር። ማዕበሉም በየዓመቱ ያድጋል፤ አሁን የጎንደርን ግንብ ሳያክል አልቀረም። ንቅንቅ የማይለው የታሪኩ መዝጊያ ነው፤ ጣታቸውን ቀስረው «ጀልባ ላይ ወርዶ መግፋት የለም!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ደባርቅ እኮ ሐይቅ የላትም» ይሏቸዋል ሾፌሮቹ።

«ሊማሊሞ አላት!» ይላሉ።

ያን ጊዜ ሾፌሮቹም ወደየመሪያቸው ይመለሳሉ። የሊማሊሞን ቁልቁለት እየጠመዘዘ የወረደ ሰው፣ እዚያ መሐል ሞተር ቢጠፋበት ምን እንደሚሰማው አስረጂ አያሻውም።

በናፍጣ ብቻ ቢያቆሙ ኖሮ ደግ ነበር። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ገብተው ሞተሩን አስቆሙ። እህላቸውን ተሸክመው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ግልብጥ ብለው ወጡባቸው። አንደኛዋማ «አንቱ ሰውዬ፣ የኔ ልጆች ናፍጣ አይበሉም፣ ዱቄቴን ይልቀቁልኝ!» አለቻቸው። ከወፍጮው ናፍጣ ውሃ ተገኘ ወይ? አልተገኘም። «ለዛሬው የለም» ብለው ካፖርታቸውን ሰብስበው ወጡ። ሰርግ ቤት ጠላ ሲቀርብላቸውም ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስተው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የአንዲት ሙሽራ እናት ወይዘሮ አመተ ማርያም ይህን አይታ ዳግመኛ ደጄን አይረግጡም ብላ ማለች። ሁለተኛዋን ልጇን ስትድር ጠራቻቸው። ያን ቀን ጠላዋ እንደዚያ የጠራው ማንን ፈርታ እንደሆነ እሷም አትናገር፣ እኛም አንጠይቅ።

እኔ ስጦታ እባላለሁ። ደባርቅ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፤ አባቴ ጥሎልኝ ያለፈ አሮጌ ላንድክሩዘርም አለችኝ። ጋሽ ቢራራ ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበርና መኪናዋን እንደ ሙት አደራ ያዩዋታል። እኔን ግን አደራው ላይ የተጨመረ ዕዳ ነው የሚያስመስሉኝ። ለመስቀል ሰሞን ማንም ሳይለምናቸው መጥተው ሰልባትዮዋን አወረዱ። በፈላ ውሃና በሳሙና አጠቡ፣ ጠጠርና ሰንሰለት ጨምረው ግራ ቀኝ ናጧት፣ ፀሐይ ላይ አሰጧት። የጎረቤት ሰው ሁሉ በጩኸቱ ተማረረ። ሲጨርሱ እጃቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ።

«ከእንግዲህ በዚህች ሰልባትዮ ውስጥ አተላ ብታገኚ ቢራራ ብለሽ አትጥሪኝ።»

በጥቅምት ወር ከእስራኤል ሁለት እንግዶች መጡልኝ። አንደኛዋ እማማ ዙፋን ናቸው፤ ጠይም፣ ትንሽዬ፣ በከዘራ የሚሄዱ አሮጊት። ሁለተኛዋ የልጅ ልጃቸው ሺርሊ ናት። አማርኛዋ እንደ ሕፃን ልጅ ሩጫ ነው፤ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። አያቷን በዕብራይስጡ «ሳብታ» ትላቸዋለች።

እማማ ዙፋን የተወለዱት ከቧሂት ተራራ ማዶ ጃናሞራ ውስጥ ነው፣ ከቤተ እስራኤል ወገን። ወጣት ሚስት ሳሉ ቤተሰቡ ከብቱንም ቤቱንም ጥሎ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። መንደሩ ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤታቸው፣ አብረው ሸክላ አፈር የቆፈሩ፣ አብረው ውሃ የቀዱ አንዲት ጓደኛ ነበረቻቸው፤ አረጋሽ ትባላለች። ከአገር የወጡ ዕለት አረጋሽ ስንቅ ይዛ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻቸው። ማንም እንዳይሰማ ሁለቱም ሳያለቅሱ ተለያዩ።

«ለቅሶው ዕዳ ሆኖ ቀረ» አሉኝ እማማ ዙፋን።

አሁን አረጋሽ ዳሌዋ ተሰብሮ ከቤት አትወጣም። ጆሮዋም ደክሟል። በጎረቤት ስልክ ሲደዋወሉ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ አንዷ መስማት ስለማትችል፣ ሌላዋ እንድትሰማት።

«‹ልመጣ ነው› ብላት ‹ማን ሞተ?› ትለኛለች» እያሉ እማማ ዙፋን ሳቁ። ከቦርሳቸውም አንዲት ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አውጥተው አሳዩኝ። «ይኸውና ጆሮ ይዤላት መጣሁ።»

ችግሩ የመጡት ናፍጣ በጠፋበት ሳምንት መሆኑ ነው። ማደያዎቹ ደርቀው መኪና ሁሉ ቆሟል። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስንባባል የቆይታቸው ቀን አለቀ። በማግስቱ ከሰዓት ከጎንደር የሚነሳ አውሮፕላን ሲጠብቃቸው፣ እኔ በመጨረሻው ቀን ማለዳ ከአንድ የጀሪካን ነጋዴ ናፍጣ አገኘሁ። በዚያው ጠዋት ወደ አረጋሽ መንደር ለመነሳት ተዘጋጀን።

ጋሽ ቢራራ በር ላይ ቆመዋል።

«ከየት ቀዳሽ?»

«ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ ይተዉኝ! ቸኩለናል።»

«ከጀሪካን! ኧኸ!» አሉ። ብርጭቆው ወጣ፤ ወደ ፀሐይ ተነሳ። ከታች ጠብታ ሳይሆን ወፈር ያለ የውሃ ንጣፍ ተኝቷል።

ከዚያ በኋላ ማን ይችላቸዋል? ጀሪካኖቹን ደርድረው «ይረጋ» አሉ። ረጋ። ነጠላ አጣጥፈው በላዩ እያንቆረቆሩ አጠሩ። የየጀሪካኑን ግርጌ ደፉብኝ፤ በዚያ የናፍጣ ችጋር ናፍጣ መሬት ላይ ሲፈስ አንጀቴ ነው የፈሰሰው። ፀሐዩ ከፍ አለ። ሺርሊ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። እማማ ዙፋን ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን በጥሞና ያያሉ።

«አንቱ ወንድሜ፣ የት ነው የተማሩት?» አሏቸው።

ይህን ጥያቄ ጋሽ ቢራራ ከማንም ተጠይቀው አያውቁም። ጀልባው፣ ማኅበሩ፣ ድግሱ፣ ማዕበሉ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነገረ። ተነግሮ ሲያልቅ የጠራ ናፍጣ የሞላ አንድ ጀሪካን ለመጠባበቂያ ብለው ከኋላ ጫኑና ማንም ሳይጋብዛቸው ገብተው ተቀመጡ።

«እሄዳለሁ» አሉ። «ይህችን መኪና ብቻዋን አልልክም።»

ሳንቃ በርን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ተኮልኩለው ሥር እየቆፈሩ ይበላሉ። እማማ ዙፋን መስኮቱን ከፍተው የየኮረብታውን ስም ለሺርሊ ይነግራሉ፤ ሲረሱት ጋሽ ቢራራ ይሞሉላቸዋል፣ ሲያስታውሱትም ያርሟቸዋል። መንገዱ ግን መንገድ አልነበረም። ክረምቱ አጥቦት ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። መኪናዋ እንደ ወተት ቅል ትናጣለች። የቧሂትን ዳገት አጋምሰን የቀረውን ስንያያዘው ላንድክሩዘሯ ማንኮራፋት ጀመረች። ተነፈሰች፣ ሳለች፣ ቆመች።

«አየር አጥሯት ነው» አልኩ። «ከፍታው ነው።»

ጋሽ ቢራራ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ፊልትሮውን ፈትተው ወደ ብርጭቆው ገለበጡት። የወጣው ናፍጣ አይመስልም። ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ የገንቦ ግርጌ የመሰለ ነገር ነው። ከካፖርታቸው አዲስ ፊልትሮ አውጥተው ቀየሩ፣ አየሩን አስወጡ፣ ተነሳች። እፎይ ሳንል ደግማ ቆመች። ሌላም ነበራቸው፤ እሱም ሁለት ጥምዝ መንገድ እንኳ ሳያስኬደን ተደፈነ። ከዚያ በኋላ ፊልትሮ አልነበረም። ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታይ መኪና የለም። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

ጋሽ ቢራራ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩታል። እኔም በሆዴ የጠዋቱን ሁሉ ስድብ አዘጋጅቼ ተጠጋኋቸው። ቀድመውኝ ተናገሩ።

«የነጋዴው ናፍጣ አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ያ ተጣርቷል። ይኼ የድሮው አተላ ነው፣ ከሰልባትዮው። በውስጡ ናፍጣው እንዳይዋልል የሚከፍል ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ጀርባ ቀርቷል። ጠጠሩም አልደረሰበትም፣ እኔም አላየሁትም። መንገዱ ሲንጠው ተነሳ። እኔ ነኝ፣ ስጦታዬ። እኔ ነኝ ታጥቧል ያልኩት።»

ያዘጋጀሁት ስድብ በአፌ ውስጥ ቀረ።

«ሳብታ!» ብላ ሺርሊ ጮኸች።

ዞር ስንል እማማ ዙፋን ከመኪናው ወርደው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ተያይዘውታል። ቀስ ብለው፣ ግን ወደ ኋላ ሳያዩ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ አረጋሽ።»

«በእግር አይደረስም እኮ!»

«ልጄ፣ ከዚህ አገር የወጣሁት በእግሬ ነው» አሉኝ፤ መሄዳቸውንም አላቆሙም። «የወጣሁበት እግር ይመልሰኝ ይሆናል። ካልመለሰኝም እሷ ወዳለችበት ስሄድ ነው የምቀረው።»

ይህን ጋሽ ቢራራም ሰሙ። ከድንጋያቸው ብድግ ብለው በጀልባ ላይ ድምፃቸው ተጣሩ።

«እትዬ ዙፋን! ይቁሙ! አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ! ይመለሱ!»

እማማ ዙፋን ቆሙ። ማንም ይቆማል፤ ያ ድምፅ ማዕበል ያቆማል።

ከዚያ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ጋሽ ቢራራ ተጠባባቂውን ጀሪካን አወረዱ። ከፊልትሮዎቹ አንዱን በጠራው ናፍጣ ደጋግመው አለቅልቀው፣ በአፋቸው እየነፉ አተላውን አስተፉት። ጢማቸው ሁሉ ናፍጣ ሆነ። ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው በጨርቅ ደፈኑትና የራሳቸውን ላስቲክ ቱቦ ከፊልትሮው ቀጠሉ። የሚመለሰውንም ናፍጣ በሌላ ቁራጭ ቱቦ ወደ ጀሪካኑ መለሱት።

«በማዕበሉ ቀን ጎርጎራ እንዲህ ነው የገባነው» አሉኝ። «ሰልባትዮው ከከዳሽ ትተሽው ሂጂ። ጀሪካኑ ግን ከሞተሩ ከፍ ማለት አለበት፣ ናፍጣው በራሱ ክብደት እንዲወርድ። ጣራ ላይ ይውጣ።»

«በምን እናስረው?»

ገመድ አልያዝንም። ጋሽ ቢራራ ጣራውን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ካፖርታቸውን ቆለፉ።

እነሆ ክቡርነታቸው ሰባ ዓመት ባለፈ ዕድሜያቸው በላንድክሩዘር ጣራ ላይ፣ ዕቃ መጫኛው ብረት መሐል፣ ጀሪካን በእግራቸው መካከል ይዘው፣ የእማማ ዙፋንን ጋቢ ተከናንበው የቧሂትን በር ተሻገሩ። ጣራውን አንዴ ሲመቱ እቆማለሁ፣ ሁለቴ ሲመቱ እሄዳለሁ። ለካ ጣራ መምታት ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ መላውን መንገድ ከላይ ሆነው ሲጮኹ ነው የሄዱት። «ቀስ! ግራ ያዢ! ድንጋይ! ማርሽ ቀንሺ! የአባትሽ ልጅ አይደለሽምን?» በመንገዱ ያገኘናቸው በቅሎ ነጂዎች ቆመው ባርኔጣቸውን አነሱ፤ የተሸከምነው ጳጳስ መስሏቸው ይሁን ሬሳ እንጃላቸው። ሺርሊ አያቷን አቅፋ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፤ እንደገና አለቀሰች።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከመንደሩ ደረስን።

አረጋሽ ደጃፍ ላይ፣ አጎዛ ተነጥፎላት፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋሏን ልጇ ነገረን። መኪናዋ ስትቆም አረጋሽ መጀመሪያ ያየችው ጣራውን ነው። መስማት የማትችል ሰው ሹክሹክታ አታውቅምና መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተጣራች።

«ዙፋን! ባልሽን ምነው ከላይ ጫንሽው?»

እማማ ዙፋን ከዘራቸውን ጣሉት። እንዴት እንደሄዱ አላየሁም፤ ያየሁት አጎዛው ላይ ወድቀው አንገት ላንገት ተያይዘው ነው። በወንዙ ዳር ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱት። ማንም አላባበላቸውም። የመንደሩ ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ አብሯቸው አለቀሰ፤ ከለቅሶውም መሐል አንዷ ሴት እልል አለች።

ሲበርድላቸው ሺርሊ መሣሪያዋን በአረጋሽ ጆሮ ውስጥ ቀስ አድርጋ አኖረች። እማማ ዙፋን እንደ ለመዱት አፋቸውን ጠጋ አድርገው በሙሉ ጉሮሯቸው ጮኹ።

«አረጋሽ! ትሰሚኛለሽ ወይ?»

አረጋሽ ደነገጠች። እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ምነው ትጮሂብኛለሽ?» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ። «ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

እማማ ዙፋን በዝግታ «አረጋሽ» አሉ። አረጋሽ የገዛ ድምፅዋንም ሰምታ ኖሮ መሣሪያዋን በጣቷ ነካች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ድምፅሽ አላረጀም» አለቻት።

እኛ ይህን ስናይ ጋሽ ቢራራ ከጣራው አልወረዱም። ብርዱ ጉልበታቸውን አድርቆት ኖሯል፤ ጣቶቻቸው ከጀሪካኑ እጀታ አልላቀቅ ብለዋል። ጎልማሶች ወጥተው እንደ ዕቃ አወረዷቸው። እሳት ዳር አስቀምጠን ትኩስ የገብስ ሾርባ ሰጠናቸው። እማማ ዙፋን መጥተው ጎንበስ ብለው እነዚያን ናፍጣ የጠጡ እጆች ሳሙ።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ከዕዳዬ አስወጡኝ።»

ጋሽ ቢራራ ዓይናቸው ሞላ። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። በመጨረሻም «እትዬ ዙፋን፣ እዚያ አገር መኪና ካለዎት ሰልባትዮውን ግማሽ አያድርጉት፤ ሙሉ ያድርጉት፣ ያልበዋል» አሏቸው።

እዚያው አደርን። ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ሰዎች ጀሪካኑን የበቅሎ ጭነት በሚጠፈርበት መጫኛ ጣራው ላይ ጠፈሩልን፤ ጋሽ ቢራራም እንደ ሰው ውስጥ ተቀምጠው ተመለሱ። አውሮፕላኑ ላይ ደረስን። እማማ ዙፋን ሲሳፈሩ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዕረፍት እኔ ብቻዬን ላደርስላቸው የምችለው አልነበረም። ያን ዕለት በጠዋት እንደ ቸኮልኩት ብነሳ ኖሮ፣ የጠራ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን የለኝ፣ የሚይዘው ሰው የለኝ፣ ቧሂት ላይ እንቀር ነበር። ሰልባትዮው በሳቸው ምክንያት ሳይጸዳ ቀርቶ እንደ ነበር አልዘነጋሁም። ሰው ተሳስቶ ሲያበቃ ለስህተቱ ጣራ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ እንዲህ ያለ ስህተት ይብዛልን ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት ማደያው ናፍጣ መጣለት። ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ከከተማው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። እኔ ስጠብቅ ውዬ ተራዬ ሊደርስ አንድ መኪና ሲቀረኝ፣ ጋሽ ቢራራ ከፊቴ ካለው ሚኒባስ አጠገብ ብርጭቋቸውን ይዘው ሲቆሙ አየሁ። ሾፌሩን አላውቀውም፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

«ከየት ነበር የቀዳኸው፣ የኔ ልጅ?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሥራ ፈት!» አላቸው። «ዞር በል ከመኪናዬ!»

ጋሽ ቢራራ ዞር አሉ። ብርጭቆውን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

እኔ ሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም። በናፍጣ ሰልፍ ተራ የሚለቅ ሰውም ደባርቅ ላይ ገና አልተወለደም። ራሴን ያገኘሁት ግን ሚኒባሱ መስኮት ላይ ነው።

«ወርደህ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ!» አልኩት፤ እየጮኽኩ ነበር መሰለኝ። «ወርደህም ቁልፍህን ትሰጣቸዋለህ፣ እስኪጨርሱም ዝም ብለህ ትቆማለህ!»

ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን እያስጮኹ ተራዬን ሲያልፉ ይሰማኛል። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ምንሽ ናቸው?» አለኝ።

ምን ልበለው? መካኒኬ እንዳልል አንድ ቀን ቀጥሬያቸው አላውቅም። ጎረቤቴ እንዳልል ቤታቸው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

«አጎቴ ናቸው!» አልኩ። «የአባቴ ወንድም!»

ሾፌሩ ወረደ። እኔ ግን ያን ጊዜ የፈራሁት እሱን አልነበረም፤ ጋሽ ቢራራን ነው። የኮረብታ ስም በስህተት ሲጠራ የማያልፉ ሰው፣ አባቴ ወንድም እንዳልነበረው አሳምረው የሚያውቁ ሰው፣ አሁኑኑ ጣታቸውን ቀስረው ሊያርሙኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

አዩኝ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ጎበጥ ያለው ወገባቸው ትንሽ ቀና አለ።

«ልጄ ናት፣ ቁጣዋ ከኛ ቤት ነው» አሉት ለሾፌሩ። «በል አሁን ሰልባትዮህን ክፈትልኝ።»